በዒድ ዶርም የሚቀር አይኑር



የዒድ ሶላትን ስታዲየም ሰግደን ስናበቃ፣ እኛ የኮተቤ ልጆች ወደ ቤታችን፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ ጓደኞቻችን ወደ ዶርም እንለያያለን። «ቤታችን ጠባብ ነው፤ በግም አላረድንም» እያልን ሳንጠራቸው እንቀራለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ አስተምረውናል።

ስለዚህ ተበድረን አንደግስ። ምንጣፍ እናንጥፍ፤ ያለውን በአንድ ትሪ እናቅርብ፤ ሰላጣውን ከእንግዶቻችን ጋር እንክተፍ፤ ቡና ይፈላ። ወንድሞች ወንድሞችን፣ እህቶች እህቶችን እንጥራ፤ አንድ ሁለት ሰው ይበቃል። ዕቃውንም እኛው እንጠብ፤ ለእናቶቻችንም ዒድ ነው።

ማታ የጓደኛችን እናት ደውላ «ዒድን የት ዋልክ?» ስትለው፣ «ሰው ቤት» ይበላት።

ዒድ ሙባረክ።