ልጆችን ቤት ውስጥ ለምታስተምሩ ወላጆች



አሜሪካ ያሉ ወንድምና እህቶቻችን ልጆቻቸውን ቤት ሲያስተምሩ ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ነው፦ «አራት ልጅ፣ አራት ዓይነት ትምህርት፤ ቀኑ በጩኸት ያልቃል።»

ችግሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተማር መፈለጋችን ይመስለናል። ቁርኣን ቤት የቀራን እናውቀዋለን፤ አንዱ አሊፍ ባ ላይ ነው፣ ጎኑ ያለው ጁዝእ ዐምማን ጨርሷል። ኡስታዙ ተራ በተራ ይሰማል፤ ትልቁ ትንሹን ያስቀራል። (ዱላውን እዚያው እንተወው።) ቤትም እናት ከአንዱ ጋር ሒሳብ ስትሠራ ትልቋ ታናሿን ታስቀራው፣ ሌላው ሙራጀዓውን ይያዝ።

ቀኑን በሶላት መክፈል ጥሩ ነው፤ ግን የአገራችሁን ሰማይ እዩ። ሚኒያፖሊስ ላይ ከዙህር እስከ መግሪብ ሰኔ ላይ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ 4 ሰዓት ተኩል አይሞላም። የበጋው ፕሮግራም ለክረምቱ አይሆንም። ያኔ ትምህርቱን ቀንሱ እንጂ ልጆቹን አታጣድፉ። እኛን የሚያስፈራን የሒሳቡ መዘግየት አይደለም፤ ልጁ ቁርኣንን ከእናቱ ቁጣ ጋር አያይዞ ማደጉ ነው።

አባቶችስ? የሱብሒው ሂፍዝ የእናንተ ይሁን። ሰግዳችሁ ስትመለሱ ከመተኛታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ አንዱን ልጅ ስሙት፤ ነገ ሌላውን።