ክሎሪኑ 2 ነው፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?

የሆቴል መዋኛ ገንዳ ዳር የሚሰቀለውን ሰሌዳ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ያገኛል፤ ፒኤች 7.4፣ ክሎሪን በሊትር 2 ሚሊ ግራም። ሰሌዳ በሌለበት ደግሞ ገንዳውን የሚጠብቀው ልጅ በቃሉ ይናገራል። ቁጥሩ ከወሰኑ አልወጣም፣ ውሃውም ሰማያዊ ነው፣ እንግዳው ልጆቹን ይዞ ይገባል። እኔ ግን «ክሎሪኑ 2 ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግረንም ባይ ነኝ። በአንዱ ገንዳ 2 ይበቃል፣ ይተርፋልም። በሌላው 2 ማለት ከባዶ እምብዛም አይሻልም። ልዩነቱ ያለው ማንም በማይለካው ሦስተኛ ቁጥር ላይ ነው፤ ሳያኑሪክ አሲድ በሚባለው የክሎሪን ማረጋጊያ መጠን።

ክሎሪን ፀሐይ አይችልም። ጥላ በሌለው ገንዳ ውስጥ የተጨመረ ተራ ክሎሪን በቀትር ፀሐይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ይጠፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማረጋጊያው የተፈለገው ለዚህ ነው፤ ክሎሪኑን ይዞ ከጨረሩ ይጋርደዋል። ስለዚህ «መርዝ ነው፣ ጨርሶ አይግባ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ቢኖር ለክፍት ገንዳ ባለውለታ ነው። (ጣሪያ ባለው ገንዳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን ያስረዳኝ ሰው የለም።)

ጣጣው ማረጋጊያው ክሎሪኑን የሚጠብቀው አስሮ መሆኑ ነው። ጀርም የሚገድለው ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባለው ነው፤ ከማረጋጊያው ጋር የተጣበቀው ክሎሪን የመግደል አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ማረጋጊያው 110 በደረሰበት ገንዳ፣ ከ2 ሚሊ ግራሙ ውስጥ ሃይፖክሎረስ አሲድ ሆኖ የሚገኘው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረው ዝግ ሂሳብ ውስጥ እንደገባ ገንዘብ ነው፤ ደብተሩ ሙሉውን ያሳያል፣ በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚቻለው ግን ሳንቲም ነው።

መለኪያውም ይህን አይገልጥም። ናሙናው ላይ የዲፒዲ ጠብታ ወይም ኪኒን ሲጨመር ያልታሰረውን ክሎሪን ይበላና ውሃው ሮዝ ይሆናል። ያልታሰረው ባለቀ ቁጥር የታሰረው ይለቀቃል፣ እሱም ይበላል፤ በሰከንዶች ውስጥ ሁሉም ተደምሮ «2» ይላል። ውሃውን ቢጫ የሚያደርገው የድሮው የኦርቶቶሊዲን ጠብታ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ጉልበቱ ያለቀውን ክሎሪን ሳይቀር ይቆጥራል። ገንዳ ጠባቂው እንግዲህ አልዋሸም። ያነበበውን ነው የተናገረው።

ይህ ሁሉ ማረጋጊያ ከየት መጣ? ማንም ሆነ ብሎ አልጨመረውም። የመጣው ከነጩ ታብሌት ነው። በፕላስቲክ በርሜል የሚመጣው፣ መዳፍ የሚሞላው ባለ 200 ግራም ታብሌት ትራይክሎር ይባላል። በርሜሉ ላይ ጎልቶ የሚታየው «90 በመቶ ክሎሪን» የሚለው ነው። ከታብሌቱ ክብደት ከግማሽ በላዩ፣ ማለትም 110 ግራም ገደማው፣ ሳያኑሪክ አሲድ ሆኖ ውሃው ውስጥ እንደሚቀር ግን ለገዢው የሚነግረው የለም። ሁለቱ ቁጥሮች እንዴት አብረው ይሄዳሉ የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ 90ው ክብደት አይደለም፣ ታብሌቱ ከክሎሪን ጋዝ ጋር ሲነጻጸር ያለው አቅም ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 300 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በቀን በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ቢፈጅ በጠቅላላው 600 ግራም ነው፤ ይህም ከሦስት ታብሌት ትንሽ ይበልጣል። አብሮት በሊትር 1.2 ሚሊ ግራም ማረጋጊያ ይገባል። ክሎሪኑ በማግስቱ የለም። ማረጋጊያው አለ። አይተንም፣ የአሸዋ ፊልተር አይዘውም፣ ፀሐይ እምብዛም አይነካውም። ዝናብ በማይኖርበት በጋ፣ ጥቅምት መባቻ ላይ በንጹሕ ውሃ የጀመረ ገንዳ ለጥምቀት ሲደርስ፣ ፊልተር ሲታጠብ የሚወጣውን ቀንሰን እንኳ፣ 100 አካባቢ ይደርሳል። ከፍልውሃ እየተሞላ ውሃው ገብቶ የሚወጣበት፣ በሶደሬ ዓይነት የሚሠራ ገንዳ ይህ ጣጣ አይነካውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ግን ያንኑ ውሃ ለወራት እያሽከረከርን ነው የምንዋኘው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ገንዳ ያስተዳደረ ሁሉ ያውቀዋል። ግድግዳው ያሙለጨልጫል፣ ጥግ ጥጉ አረንጓዴ መምታት ይጀምራል። ኬሚካል ሻጩ ጋ ይደወላል። መጀመሪያ የአልጌ ማጥፊያ ይታዘዛል፣ ቀጥሎ ድፍርሱን የሚያጠራው፣ ቀጥሎ «ሾክ»። ሾክ ተብሎ ከሚሸጠው ዱቄት አንዱ ዳይክሎር ነው፤ እሱ ደግሞ ለሚሰጠው 10 ሚሊ ግራም ክሎሪን 9 ሚሊ ግራም ማረጋጊያ ያስከትላል። አልሸሹም ዞር አሉ! ውሃው ለሳምንት ይጠራል፣ ማረጋጊያው አንድ እርከን ይወጣል፣ ስልኩ እንደገና ይደወላል። «ማረጋጊያው ስንት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም፤ መልሱ ታብሌት መግዛት አቁም ስለሚሆን ይሆናል።

ጥያቄውን የሰሙ ባለሙያዎችም «እስከ 100 ችግር የለውም» ሲሉ ይሰማል። ከሜዳ ተነሥተው አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የመዋኛ ውሃ መመሪያ 100 ሚሊ ግራም እንዳይታለፍ ይላል። ፈረንሳይ ጣሪያውን 75 ላይ አድርጋዋለች። ክርክሬ ከጣሪያው ቁመት ጋር አይደለም፤ ማረጋጊያውን ከክሎሪኑ ነጥሎ ጣሪያ ማበጀት የትም አያደርስም ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት የተሻለ መንገድ አሳይቷል፤ ማረጋጊያው ከክሎሪኑ ከ20 እጥፍ አይብለጥ ይላል። በዚህ ስሌት 2 የሚበቃው ማረጋጊያው 40 ሳያልፍ ነው። 100 ከደረሰ ክሎሪኑ ቢያንስ 5 መሆን አለበት፤ አልጌን ለመከላከል ደግሞ ከዚህም ከፍ ማለት ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚከፋው ተቅማጥ የያዘው ልጅ ገንዳ ውስጥ የተጸዳዳ ዕለት ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ክሎሪንን በመቋቋም የታወቀ ነው። የአሜሪካው ሲዲሲ መመሪያ፣ ማረጋጊያ በሌለበት ገንዳ ክሎሪኑን 20 አድርሶ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል ይላል። ማረጋጊያ ካለ፣ 15 ሚሊ ግራም ሳያልፍ እንኳ፣ ጊዜው ወደ 28 ሰዓት ይረዝማል። ከ15 በላይ ከሆነ አስቀድሞ ውሃውን ቀንሶ በአዲስ መተካት ነው። 100 ላይ ያለ ገንዳ በዚያ ዕለት የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

ልኬቱ ከባድ ሆኖ ቢሆን ዝም ባልኩ። ሜላሚን ያለበት ፈሳሽ ከገንዳው ውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል ውሃው ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል። ድፍርሱን ከሥሩ ጥቁር ነጥብ ያለበት ቱቦ ውስጥ ከላይ እያዩ ቀስ አድርጎ መጨመር ነው፤ ነጥቡ ከዓይን የተሰወረበት መስመር ላይ ያለው ቁጥር መልሱ ነው። በወር አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃል። ቱቦው ከ100 በላይ ስለማይቆጥር ገና ጥቂት ሲፈስ ነጥቡ ከጠፋ የገንዳውን ውሃ በቧንቧ ውሃ ለሁለት አቅጥኖ እንደገና መለካትና ውጤቱን በሁለት ማባዛት ያስፈልጋል። ይህን የማይሠራ ሰው 200ውን 100 ብሎ ይመዘግባል።

ማረጋጊያው 40 ሲደርስ ታብሌቱን አቁሞ ማረጋጊያ ወደሌለው ክሎሪን መዞር ነው፤ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና፣ ወይም የውሃ አገልግሎቶች የሚጠቀሙበት የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት። በረኪና ለልብስ ነው እንጂ ለሆቴል ገንዳ አይመጥንም የሚለውን ንቀት አልቀበልም። በየቀኑ በእጅ መጨመሩ ሥራ ይበዛበታል የሚለውን ግን እቀበላለሁ፤ ታብሌት ለሦስት ለአራት ቀን ያስተኛል። ጥንቃቄም አለው። ዱቄቱን ታብሌት በነበረበት ዕቃ ውስጥ መጨመር እሳትና ፍንዳታ ያስከትላል፤ በረኪናም ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

የመለኪያው ኪት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው ይሉኛል። 110 የደረሰን ገንዳ ወደ 40 ለመመለስ ከ300 ሜትር ኩቡ 190 ያህሉ ተደፍቶ በአዲስ ውሃ መተካት አለበት፤ 10 ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ 19 ምልልስ ነው። የቦቴን ዋጋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ የኪቱንም ዋጋ ይጠይቅና ያስተያየው።