እጮኛዬ ፈቃድ የለውም

የዛሬውን ደብዳቤ የከፈትኩት እንደተለመደው የፍቅር ጉዳይ ነው ብዬ ነበር። ፍቅሩስ አለ። ነገር ግን አንብቤ ስጨርስ ሽቦ፣ ምጣድና የሕግ ቁጥር ሁሉ ገብቶበት አገኘሁት። ጸሐፊዋ ስሟም ሰፈሯም እንዳይጠቀስ ስለለመነችን ትተነዋል። ደብዳቤውን አሳጥረን እነሆ፦

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሱቅ በሽያጭ ሠራተኝነት እሠራለሁ። እጮኛዬ ኤሌክትሪሽያን ነው። ትምህርቱን ከ10ኛ ክፍል አቋርጦ አንድ የሰፈራችን ጎልማሳ ሥር ሆኖ ነው ሙያውን የለመደው። በሰፈራችን የእሱ እጅ ያልነካው ቤት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከተዋወቅን ሦስት ዓመታችን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን ነበር።

ችግሩ የመጣው በጾሙ መሐል ነው። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ሁለተኛ ምጣድ ገዙና እሱን ጠሩት። ከድሮው መስመር ላይ ቀጠለላቸው። ሽቦው 2.5 ነበር ይላል። ሁለቱም ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገራቸው። ደግመው ሲጠሩት ባለ 16 አምፔሩን አንስቶ ባለ 32 ገጠመላቸው። ‹እጅህ ይባረክ› ብለው መርቀው ሸኙት። በሁለተኛው ሳምንት ማድ ቤቱ በእሳት ተያያዘ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ ልጃቸው ግን አጠፋለሁ ሲል እጁ ክፉኛ ተቃጠለ።

አሁን ሴትየዋ ‹ፈቃድህን አምጣና አሳየኝ፣ ያለዚያ ክስ እመሠርታለሁ› አሉት። እሱ ደግሞ ፈቃድ የለውም። አባቴም ወሬው ደርሶት ‹የመንግሥትን ፈቃድ ያላገኘ ሰው የእኔንም ፈቃድ አያገኝም› አለኝ። እጮኛዬን ስጠይቀው ‹የእኔ ወረቀት እጄ ነው፤ ዲፕሎማ ይዘው ሽቦ መላጥ የማይችሉ ስንት አሉ!› ይለኛል። ማንኛቸው ናቸው ልክ? ልጠብቀው ወይስ ልተወው?
ግራ የገባኝ»

ውድ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለልጁ ምሕረቱን ያውርድለት። የእሱ እጅ ከአንቺም ሠርግ ከእጮኛሽም ስም ይቀድማል።

ወደ ጥያቄሽ ስገባ፣ እጮኛሽ «ወረቀት ይዘው የማይሠሩ አሉ» ማለቱ ሐሰት አይደለም። እኔም ብሆን ከ12ኛ ክፍል ወረቀት በቀር የማሳየው የለኝም፤ ይኸው አምድ እጽፋለሁ። ልዩነቱ ምን መሰለሽ? እኔ ብሳሳት በሚቀጥለው ሳምንት እርማት ይወጣል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ግን እርማት አያወጣም።

ደብዳቤሽን ይዤ ፈቃድ ያለው አንድ የማውቀው ኤሌክትሪሽያን ዘንድ ሄድኩ። አንብቦ ሳይጨርስ «ብሬከሩን ቀየረው?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በእስክሪብቶ አስረዳኝ። የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። አንድ ምጣድ 3500 ዋት ይበላል እንበል። 3500ን ለ220 ስታካፍይው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ሁለት ምጣድ 32 መሆኑ ነው። ቱቦ ውስጥ ያለ 2.5 ሽቦ ደግሞ በምቾት የሚሸከመው 20 አምፔር አካባቢ ነው። ብሬከሩ ይወርድ የነበረው ተበላሽቶ ሳይሆን ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም እያስጠነቀቀ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፣ ሽቦውን ነው። እጮኛሽ ዘበኛውን አባርሮ እንቅልፋም ዘበኛ ቀጠረ። ሽቦው ጋለ፣ ላስቲኩ ቀለጠ፣ የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ትክክለኛው ሥራ ለአዲሱ ምጣድ የራሱን መስመር በወፍራም ሽቦ፣ በ4 ወይም በ6፣ ከነብሬከሩና ከነመሬቱ መሳብ ነበር። ከዚያም በፊት ከቆጣሪው የሚመጣው ኃይል ሁለት ምጣድ መቻሉን ማየት፤ ካልቻለ «መጀመሪያ መብራት ኃይል ሄደው ኃይል ያስጨምሩ» ማለት። ይህን የሚል ባለሙያ ያን ቀን ገንዘብ ሳይቀበል ይመለሳል። ለዚህ ነው ከባዱ።

እንግዲህ «ወረቀት ምን ይጠቅማል?» ላለው መልሱ ይኸው ነው። እጮኛሽ ሽቦ ማሰር ያውቃል፤ ግን «ለምን?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ፈተና ማለት አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ «ብሬከሩ ቢወርድ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ሰው ማለት ነው። ያ ሰው ቢኖር ኖሮ የልጁ እጅ ይተርፍ ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2006 ዓ.ም የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኤሌክትሪክ ሥራ ለመሥራት የብቃት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ ደንግጓል። ይህን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ቀድሞ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባል ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተብሏል። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ፈቃዱን የሚሰጠው መብራት ኃይል አይደለም። የመብራት ኃይል ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ነው፤ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የባለቤቱና የሠሪው ዕዳ ነው።

ክሱን በተመለከተ አባትሽ በከንቱ አልፈሩም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ቁጥር 2031 ደግሞ በሙያው የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል። በቸልተኝነት አካል ማጉደልም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። «ልማድ አለኝ» ዳኛ ፊት ብዙ አያራምድም።

ታዲያ ምን ይሁን? እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር።

አንደኛ፣ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ የለም? ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ ወደ ሴትየዋ ቤት ይላካቸው። «ጥፋቴ ነው» ይበል። የልጁን ሕክምና ይክፈል፣ ካልቻለ በየወሩ ይክፈል። መስመሩንም ፈቃድ ባለው ሰው በራሱ ወጪ ያሠራላቸው። ሴትየዋ ፈቃዱን የጠየቁት ንዴታቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ይሆናል፤ ቀርቦ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው አለ?

ሁለተኛ፣ ባለ 32 ብሬከር የገጠመበት ሌላ ቤት ካለ ዛሬውኑ ሄዶ ያስተካክል። ይህን ለነገ ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ለጊዜው ብቻውን ሥራ መቀበሉን ያቁምና ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ሥር ይግባ። እዚያ እየሠራ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ ለምንለው፣ ይመዝገብ። ምዘናው በልምድ ለተማረም በሩ ክፍት ነው። በዚያ ላይ ከባለሥልጣኑ የሚጠየቀውን አሟልቶ የብቃት ማረጋገጫውን ያውጣ፣ ቀጥሎ ንግድ ፈቃድ። ምልልሱ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። ሦስት ዓመት ለጠበቀ ፍቅር ግን ጥቂት ወራት ምን አላት?

አራተኛው ለአንቺ ነው። ፈቃድ ስለሌለው ብቻ አትተዪው። ይልቅ አንድ ነገር እዪ። «ተሳስቻለሁ» ብሎ ሴትየዋ በር ላይ ከቆመ ነገ ጎጆ ስትወጡም ጥፋቱን የሚያምን ባል ታገኛለሽ። «ሽቦው ነው፣ ምጣዱ ነው፣ ሴትየዋ ናቸው» እያለ ከሸሸ ግን ያኔ ወረቀት ቢኖረውም አባትሽ ልክ ናቸው።

እናንተም አንባብያን፣ ቤታችሁ ኤሌክትሪሽያን ስትጠሩ «ስንት ታስከፍላለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ማረጋገጫህን አሳየኝ» በሉ። ማፈር የለም፤ ታክሲ ነጂም መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ብሬከር ሲወርድባችሁ «በትልቅ ቀይርልኝ» አትበሉ፤ «ለምን ወረደ?» በሉ። ሶኬት ሲግል፣ የላስቲክ ሽታ ሲሸታችሁ ዋናውን አጥፍታችሁ ሰው ጥሩ። የቆጣሪውን ማሸጊያ ደግሞ ማንም እንዲነካው አትፍቀዱ።

እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ይዘው እንደተመለሱ ጻፊልን። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰማን!