በርጩማ መጥረብ የማያውቅ መሐንዲስ

ሲቀላ ገበያ የሚወርድ ተማሪ ሁሉ ተደራርቦ የቆመ የፕላስቲክ ወንበር ያያል። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ እግሩ የተሰበረ ዕለት ግን መጣል ብቻ ነው። ከአንድ ግንድ ያለ ሚስማርና ያለ ኮላ የተጠረበው ባለሦስት እግር በርጩማ ግን ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ታዲያ እኛ የአርባ ምንጭ ተማሪዎች ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያችን ብንማር ምን ይጐዳናል?

«ለተማረ ሰው አይገባም» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይህ አነጋገር አዲስ አይደለም። ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ሲባል ኖሯል። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ከመሬት፣ ከጋብቻና ከጉባኤ ተገልሏል። በጉራጌ አገርም የቤቱን ምሰሶ የሚጠርበው ሰው «ፉጋ» ተብሎ መሬት እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ካባ ለብሶ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ሌሎች ደግሞ «ዘመኑ የፋብሪካ ነው» ይሉናል። እኛ ፋብሪካን አንቃወምም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲያችን የተነሣው በ1986 (እ.ኤ.አ.) ከተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ «ቴክኖሎጂ» የሚለው ቃል ራሱ በግሪክኛ የእጅ ጥበብ ከሚል ሥር የወጣ ነው። ዋንዛ በእርጥቡ ለመጥረብ ለምን ይቀላል? ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ለምን ይሰነጠቃል? ውጩ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ጠራቢው በጥላ ቀስ አድርጎ ያደርቀዋል። ሦስት እግር በወጣ ገባ መሬት ላይ እንደማይነቃነቅ፣ አራት እግር ግን እንደሚነቃነቅም ያውቃል። እኛ በቀመር የምንማረውን እርሱ በመጥረቢያና በመሮ ኖሮበታል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ የሚረከበው ከጠፋ አብሮ ይቀበራል።

እንጨቱ ከየት ይምጣ? ከነጭ ሳር ፓርክ ደን አይሁን። ዋንዛ በገበሬው ማሳ ዳር የሚበቅል፣ ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው። ከባለቤቱ እንግዛ፤ በአንዱ ግንድ ምትክም ሦስት ችግኝ እንትከል።

ስለዚህ ማኅበራችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ የእንጨት ሥራ ክፍል ያቋቁም ዘንድ እንጠይቃለን። መሣሪያው በመዋጮ ይገዛ። ጠራቢውም «መምህር» ተብሎ ይጠራ፤ የመምህር ደመወዝ ይከፈለው። በነፃ አስተምረን ማለት የድሮውን ንቀት በፈገግታ መድገም ነው።

የመጀመሪያው በርጩማችን መንጋደዱ አይቀርም፤ ቢሆንም እንቀመጥበታለን። ለመጀመር አሥር ሰዎች ይበቁናል፤ እስከሚቀጥለው ጉባኤ ድረስ ስማችሁን አስመዝግቡ።