ልጆቻችሁ ተረት ሲጠይቋችሁ ስለ ሶኮትራ ንገሯቸው

ከሥራ ገብታችሁ፣ ራት አቅርባችሁ፣ ገና ጎናችሁን ሳታሳርፉ «እማዬ፣ ተረት ንገሪኝ» የሚል ድምፅ እንደምትሰሙ እናውቃለን። የጦጣውም የጅቡም ተረት ተነግሮ አልቋል፤ ልጁ ግን አዲስ ይፈልጋል። ለዛሬ ከተረት የማይተናነስ፣ ነገር ግን ፍጹም እውነት የሆነ ነገር ይዘንላችሁ ቀርበናል። ይኸውም የሶኮትራ ደሴት ወሬ ነው። እስቲ በሐሳብ አብረን እንሻገር።

ሶኮትራ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የየመን ደሴት ነች። የየመን ትባል እንጂ ይበልጥ የምትቀርበው ለአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ነው፤ ርቀቱም 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴቷ ከታላቁ የብስ ተገንጥላ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ብቻዋን በመኖሯ፣ እጽዋቷና እንስሳቷ በሌላ ምድር የማይገኝ መልክ ይዘዋል። ከ825 የእጽዋት ዓይነቶቿ ከመቶ 37 ያህሉ፣ ከተሳቢ እንስሳቷ ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉ ከሶኮትራ በቀር የትም የሉም። በዚህም ምክንያት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ወደ ተራራው ስንወጣ በመጀመሪያ የምናየው የዘንዶ ደም የሚባለውን ዛፍ ነው። ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቆማል። ግንዱ ሲበሳ እንደ ደም የቀላ ሙጫ ያወጣል። ዓረቦች ይህን ሙጫ «የሁለቱ ወንድማማቾች ደም» ይሉታል። የደሴቷ ሰዎች ቁስል ያክሙበታል፤ ሴቶቹም የሸክላ ዕቃቸውን ያስጌጡበታል።

እዚህ ላይ ልጃችሁ «ዛፍ ይደማል እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ዝም ብለህ ስማ» አትበሉት። ሙጫ ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋበት መድኃኒቱ መሆኑን ንገሩት፤ በሰፈራችሁ ካለ ዛፍ ላይ የደረቀ ሙጫ ብታሳዩት ደግሞ ይበልጥ ይገባዋል። ቅርንጫፎቹም እንዲያው ለውበት ብቻ አልተዘረጉም። ከባሕር የሚመጣውን ጉም ይይዙና ጠብታውን ወደ ሥሩ ያወርዱታል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ዛፉ ለራሱም፣ ከሥሩ ለሚበቅለውም ውኃ ይቀዳል ማለት ነው።

ወደ ቆላው ስንወርድ ጠርሙስ የመሰለ፣ ሆዱ ያበጠ፣ ጫፉ ላይ ሮዝ አበባ የደፋ የበረሃ ጽጌረዳ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ እናያለን። አጠገቡ የኪያር ዛፍ አለ። የዱባ፣ የቅልና የኪያር ዘመድ ሁሉ መሬት ላይ ይሳባል ወይም አጥር ላይ ይንጠላጠላል፤ ከዚያ ሁሉ ዘመድ መካከል ዛፍ ሆኖ የቆመ ይህ ብቻ ነው። ቢጫ ፊት ያለው ነጭ ጥንብ አንሳ ደግሞ ከሰው ቤት አጠገብ ሳይፈራ እየተመላለሰ ጥራጊውን ያጸዳል።

ሶኮትራ ለእኛ ፍጹም ባዕድ አይደለችም። የሕዝቧ ቋንቋ ሶኮትሪ የግዕዝና የአማርኛ የሩቅ ዘመድ ነው። ሆቅ በተባለው ታላቅ ዋሻዋ ውስጥ ከ1,500 ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ የመርከበኞች ጽሑፎች የተገኙ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሕንዶች ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን የአክሱም ዘመን ኢትዮጵያውያን የጻፏቸውም አሉ። የእኛም ሰዎች ያን ዋሻ ገብተው አይተውታል ማለት ነው።

እስካሁን የነገርናችሁ ደስ የሚለውን ነው፤ የሚያሳስበውም አለ። በብዙ የደሴቷ ክፍል የዘንዶ ደም ዛፎች ሁሉ አሮጌ ናቸው፤ ከሥራቸው ልጅ አይታይም። ዘሩ ይበቅላል፣ ቡቃያውን ግን ፍየል ይበላዋል። ፍየሏን እንዳይኮንኑ፣ ለደሴቷ እናት ወተቷም ሥጋዋም እርሷ ናት። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ሁለት ከባድ ማዕበሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ደርሰው ብዙ ዛፎችን ነቅለው ጣሉ። ስለሆነም ዛሬ ነዋሪዎቹ ችግኝ በአጥር ከልለው ያሳድጋሉ። ዛፉ እጅግ ዝግ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ፣ ዛሬ ችግኙን የሚያጠጣ አባት ጃንጥላው ሲዘረጋ ላያይ ይችላል። ለልጅ ልጁ ብሎ ነው የሚያጠጣው።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። ቡና ስናፈላ ከሰሉ ላይ የምንጥለው ዕጣን የሚገኝበት የአገራችን የቆላ ዛፍም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ከብት፣ የሰደድ እሳትና ያለ ልክ መድማት ተባብረውበት፣ በብዙ ቦታ አሮጌው ሲሞት የሚተካ ወጣት ዛፍ አልተገኘም።

እንግዲህ እናቶች፣ የዛሬው ተረት በዚህ ያበቃል። ጊዜ ያላችሁ እንደሆነ ነገ ከልጃችሁ ጋር በአሮጌ ጣሳ አንድ ዘር ትከሉ። ጣሳውን ከታች መብሳት አይዘንጋ፣ ውኃ ሲጠራቀም ሥሩ ይበሰብሳልና። ማጠጣቱን ለልጁ ስጡት፤ ዶሮና በግ እንዳይደርስበት የሚጠብቀውም እርሱ ይሁን። ቡቃያ ያለ ጠባቂ እንደማያድግ በቃል ከምትነግሩት ይልቅ በገዛ እጁ ይማረዋል።