ፀሐይ አትጠልቅበትም ስለሚባለው ተራራ

በጨረቃ ላይ ስለሚታነጸው የሰው ማደሪያ የሚናገሩ ብዙዎች፣ ደመና በማይጋርደው በዚያ ሰማይ ብርሃን ያለ ዋጋ ስለሚፈስስ፣ የፀሐይ ሰሌዳ ዘርግቶ መቀመጥ ይበቃል የሚለውን አሳብ ምርመራ እንደማያሻው ቀኖና ይዘውታል። በወንጌሉ ምሳሌ ያሉት ሰነፎቹ አምስት ደናግል ግን መብራት ይዘው ሳሉ ያፈሩት እስከ መንፈቀ ሌሊት የሚያደርስ ዘይት አጥተው ነው፤ የጨረቃ ሌሊት ደግሞ 354 ሰዓት ነው። 10 ኪሎ ዋት ብቻ የሚፈጅ ትንሽ ማደሪያ ይህን ሌሊት በባትሪ ይለፍ ቢባል፣ በኪሎ ግራም 200 ዋት ሰዓት የሚይዝ መልካም ባትሪ ተመርጦ እንኳ ክብደቱ ከ17 ቶን ይበልጣል፤ ሁለት ሰዎችን ያሳረፈችው የአፖሎ ታንኳ ከነነዳጇ ይህን አታህልም ነበር።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ፣ በደቡብ ዋልታ ብርሃን የማይለየው ተራራ አለ የሚል ነው። የጃፓን መንኰራኵር ካጉያ የሠራችው ካርታ ግን ዘወትር የሚበራ አንድም ስፍራ እንደሌለ ገልጧል፤ ፀሐይም በዚያ ከአድማስ በላይ ከ1.5 ዲግሪ ብዙ ከፍ ስለማትል፣ ተራ ኮረብታ እንኳ እጅግ ረጅም ጥላ ይጥላል። ደግሞስ ሰው ወደ ዋልታው የሚሄደው በረዶ ፍለጋ አይደለምን? በረዶው ያለው ፀሐይ ከቶ በማትገባበት ጕድጓድ ውስጥ ነው!

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2023 ያረፈችው የሕንድ ቻንድራያን 3 ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ አልነቃችም። አፖሎ 12 በ1969 የተከለው፣ ከፕሉቶኒየም ሙቀት 70 ዋት ያህል የሚያወጣው ዕቃ ግን፣ በ1977 ሰው በትእዛዝ ሥራውን እስኪያስቆም ድረስ ስንቱን ሌሊት ዐልፎ አገልግሏል። ሰባ ዋት ማደሪያ አያኖርም፤ የሚያኖረው የአቶም ማብላያ ነው።

ማብላያውን የሚፈሩ ሰዎች በ1978 በካናዳ ምድር ላይ መርዟን የዘራችውን፣ የአቶም ማብላያ ተሸክማ የነበረችውን ሳተላይት ኮስሞስ 954ን ይጠቅሳሉ፤ ፍርሃታቸውንም አልንቅም። ነገር ግን ያ ማብላያ ሲሠራ የኖረ ነበር፤ ገና ያልተለኰሰ የዩራኒየም ማገዶ ጨረሩ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ ማብላያው ጨረቃን ሳይረግጥ እንዳይለኰስ ሕግ ይውጣለት፤ ከማደሪያውም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጨረቃ ዐፈር ይከለል፤ የፀሐይ ሰሌዳውም በረድእነት ይቁምለት።