‹‹በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ›› ካልን በኋላ

በዚህ መንፈቅ ዓመት በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ አንድ ገጽ የመረጃ ወረቀት አደሉንና ‹‹ከዚህ ላይ አጭር ዜና ሥሩ›› አሉን። ወረቀቱ ስለ አንድ የፈጠራ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ለተወሰኑ ሕሙማን የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ቀዶ ሕክምና አድርጓል ይላል። እኔም ብዙ ሳላስብ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ‹‹…ቀዶ ሕክምናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ›› ብዬ ዘጋኋት። ከአስር ዘጠኝ አገኘሁ። አንዷ የተቀነሰችብኝ ርዕሱ ስለረዘመ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ቤት ስገባ እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ኅዳር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷ ግን ቀኝ እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ራቁቱን ትታዋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አውቀዋለሁ። አንሶላ ሲነካት ያቃጥላታል። የእሷም የዳሌ ቀዶ ሕክምና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም ‹‹በተሳካ ሁኔታ›› ነው የተጠናቀቀው። ታዲያ እኔ፣ ይህን ሁሉ እያየሁ የከረምኩት ልጇ፣ ያንን ሐረግ እንዴት እንዲህ በቀላሉ ጻፍኩት? ውድ አንባቢያን፣ ይህችን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚህ ጥያቄ ተነሥቼ ነው።

በቅድሚያ ፍርዴን ልናገር። ሐኪሙን ለመክሰስ አልተነሣሁም። የእናቴ ዳሌ ከዚያ በፊት ለዓመታት አሟታል፤ ኳስ መሰሉ የጭን አጥንት ጫፍ ደም አጥሮት ሞቶ ነበር። እግሯ አጥሮ እያነከሰች ነበር የምትሄደው። አሁን ዳሌዋ አያማትም። እውነቱን ለመናገር ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ሥራውን ሠርቷል። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1962 እ.ኤ.አ. የዛሬውን ዓይነት የዳሌ ቅየራ ከጀመረ ወዲህ ስንቱ ሰው በእግሩ ቆሟል! ችግሩ ከዳሌው መገጣጠሚያ ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ ነርቭ ነው፤ ሳያቲክ ይሉታል። አጥሮ የቆየ እግር ከሌላው ጋር ሲስተካከል ነርቩም አብሮ ሊሳብ ይችላል። ሲሳብ ወይም ሲጫን ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ የደረሰበት ሰው ግን መቶ በመቶ ደርሶበታል።

እናቴ ከማደንዘዣው ስትነቃ የቀኝ እግሯን ጣቶች ወደ ላይ ማንሣት አቃታት። እግሯ ተንጠለጠለ። በመጀመሪያ ደንዝዞ ነበርና ‹‹ይለቃል›› ተባለ። ከሳምንት በኋላ ድንዛዜው ውስጥ እሳት ገባበት።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል (የክፍላችን ልጆች ‹‹ጀመራት›› እንደምትሉኝ አውቃለሁ)። አማርኛ ለሕመም ያለው ቃል ሀብት ነው። ይጠዘጥዛል፣ ይወጋል፣ ይቆረጥማል፣ ይፈልጣል፣ ይለበልባል፣ ይነዝራል። እናቴ እነዚህን ሁሉ በቦታቸው ትጠቀምባቸዋለች። ‹‹ዳሌዬ ድሮ ይቆረጥመኝ ነበር፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። ይለበልበኛል፤ ከዚያ ደግሞ ድንገት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል›› ትላለች። ልብ በሉ፣ ይህ ቅኔ አይደለም፤ የሕክምና መረጃ ነው። ማቃጠል፣ መንዘር፣ ከድንዛዜ ጋር የተቀላቀለ ሕመም፣ ቀላል ንክኪ እንደ ስለት መሰማቱ የነርቭ ሕመም ዋና ዋና ምልክቶች ናቸው። ሐኪም የሚፈልገውን መልስ እናቴ በአፏ ይዛዋለች ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልደረሰውም?

‹‹ተመስገን›› ስላለች ነዋ!

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ አብሬያት ነበርኩ። ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ገባን። ዶክተሩ ትሁት ሰው ናቸው፤ ‹‹እናቴ፣ እንዴት ነዎት? ሕመሙስ?›› አሏት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ‹‹ተመስገን ነው ዶክተር። እጅዎ ይባረክ›› አለች። ቁስሉን አዩ፣ ራጁን አዩ፣ ካርዱ ላይ ጻፉ፣ ወጣን። አሻግሬ ያነበብኩት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ‹‹ደህና ናቸው›› የሚል ትርጉም ነበረው። በመልሱ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ የአንድ ልጅ ቦርሳ እግሯን ነካ አደረጋት። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ‹‹ለምን አልነገርሻቸውም?›› ብዬ ተቆጣኋት። ‹‹ለፍተው ሠርተውልኝ አመመኝ ልበላቸው?›› አለችኝ።

ሁለተኛውም ቀጠሮ እንዲሁ አለፈ። ይባስ ብሎ እኔም ራሴ ‹‹እማ፣ ተሳክቷል ብለዋል እኮ፤ ትንሽ ቻይው›› ያልኩባቸው ቀናት አሉ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶብኝ ነበር፤ ሌሊት ስታቃስት እንቅልፍ ይነሣኛል፤ በአጭሩ ሰለቸኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ሌላውን ‹‹ዝም አሰኛችሁ›› እያልኩ የራሴን ብደብቅ ዋሾ እሆናለሁ።

በሦስተኛው ቀጠሮ አላስችል አለኝና ‹‹ዶክተር፣ እናቴ ሌሊት አትተኛም›› አልኩ። እናቴ ቆነጠጠችኝ። ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያ የጠየቁትን ጥያቄ እኔ በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ገና አልተማርኩትም ነበር። ‹‹ሌሊት ስንት ጊዜ ይነቃሉ? አንሶላ መልበስ ይችላሉ? ካልሲስ? ዝናብ ጠብ ሲልብዎት ምን ይሰማዎታል?›› አንዱንም በ‹‹ተመስገን›› ማለፍ አይቻልም። እናቴ መናገር ጀመረች። አስር ደቂቃ ያህል ተናገረች።

መድኃኒቱ የታዘዘው ያን ቀን ነው፤ ጋባፔንቲን፣ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ የሚጨመር። ቀጥሎም ማታ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን ተጨመረላት። ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ለቁስልና ለእብጠት ሕመም ጥሩ ናቸው፤ ራሱ ነርቩ ሲጮህ ግን እምብዛም አይሠሩም። እነዚህኞቹ የነርቩን ጩኸት ዝቅ የሚያደርጉ ናቸው። ነገር ግን ጋባፔንቲን ለሚጥል በሽታ፣ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ለድብርት የወጡ መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ሻጩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ‹‹የሚጥል በሽታ ያለባቸው እርስዎ ነዎት?›› አላት። እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የሁለተኛውን ወረቀት ደግሞ እኔ አነበብኩላት። ‹‹አሁንስ እብድ አደረጋችሁኝ!›› ብላ ለሁለት ሳምንት ሳትነካው ቆየች። ማስረዳት የነበረበት ማን ነው? ሐኪሙ? ፋርማሲስቱ? እኔ እንጃ፤ ብቻ አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ወስዶ ‹‹እናቴ፣ ይኸው መድኃኒት ለነርቭ ሕመምም ይሰጣል›› ቢላት ኖሮ አስራ አራት ሌሊት ባልተቃጠለች ነበር።

ጾሙም አለ። ጋባፔንቲን በቀን ሦስት ጊዜ ነው የሚወሰደው። በ2017 ዓ.ም ዐቢይ ጾም እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ብላ የጠዋቱንና የቀኑን ዘለለችው። ሕመሙ እንደ ገና አገረሸ። ድንገት ማቋረጡም በራሱ ጥሩ አይደለም። እኛ ብንለምናት አልሰማችም። በመጨረሻ የንስሐ አባቷ መጥተው ‹‹ልጄ፣ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ፤ ለታመመ ሰው ይህ አልተከለከለም›› ሲሏት ነው የተመለሰችው። ይህን የሚነግራት ሐኪም ሳይሆን ካህን መሆኑን አስተዋልኩ፤ ቅር አላለኝም።

የነርቭ ሕመም የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳይለስ ዊር ሚቼል የተባለ ሐኪም ነርቫቸው በጥይት የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም፣ ቃጠሎውን ለማብረድ ጫማቸው ውስጥ ውኃ የሚያፈሱ እንደነበሩ ጽፏል። ይህን ሳነብ እርጥብ ጨርቅ ስትለምነኝ የነበረችው እናቴ ትዝ አለችኝ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2020 እ.ኤ.አ. የሕመምን ትርጓሜ ሲያሻሽል፣ ሰው አመመኝ ብሎ የሚናገረው ሊከበርለት እንደሚገባ በግልጽ አስፍሯል። በ2012 እ.ኤ.አ. በቢኤምጄ ኦፕን የወጣ የጥናቶች ዳሰሳ ደግሞ ከጉልበት ቅየራ በኋላ ከአምስት ሰዎች አንዱ፣ ከዳሌ ቅየራ በኋላ ከአስር አንዱ ገደማ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ሕመም እንደሚቀራቸው አሳይቷል። ይህ ሁሉ የነርቭ ጉዳት አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ቢሆንም ‹‹በተሳካ ሁኔታ›› የምትለው ሐረጋችን እነዚህን ሰዎች የት ታስቀምጣቸዋለች?

ቤት ውስጥ ያለው ኑሮ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። አዲስ ዳሌ ያለው ሰው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይከለከላል፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ መውጣት የለበትም። እስቲ አስቡት፣ በእኛ ቤት ከፍ ያለ ነገር ምን አለ? ቡና የሚፈላው በበርጩማ ነው። ሽሮው፣ ሽንኩርቱ፣ ልብሱ፣ ሁሉም ሥራ መሬት ላይ ነው። የግቢው ሽንት ቤት መቀመጫ የለውም። ሰፈር ያለ አናጢ የእንጨት ወንበር መሐሉን ቀዶ ሠራልን። የጀበናውን ከሰል ከፍ ለማድረግ ብሎኬት ደረደርን፤ እናቴ ቆማ ቡና ስታፈላ ጎረቤቶች ‹‹ሆቴል ከፈትሽ ወይ?›› እያሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ወጌሻ ይታያት ያሉም ነበሩ፤ አንዱ መጥቶ ገና በቅባት ማሸት ሲጀምር በጩኸት አባረረችው።

ለሌሊቱ መላ ያገኘነው በሳሙና ካርቶን ነው። ሁለት ጎኑን ቀደን እግሯ ላይ እንደ ድንኳን እናቆመዋለን፤ ብርድ ልብሱ ካርቶኑ ላይ ያርፋል እንጂ ቆዳዋን አይነካም። (ኅዳር ላይ ያን ማታ ካርቶኑ ተቀዶ ነበር።) ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ ቆዳውን ማለማመድ አስተማረቻት፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ በጥጥ ማሻሸት፣ ከሳምንታት በኋላ በነጠላ፣ ከዚያ በፎጣ። አሁን ነጠላው ላይ ደርሰናል። ፎጣው ገና ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንድ የክፍሌ ልጅ ረቂቁን አንብቦ ‹‹እንዲህ ከጻፍሽ ሰው ኦፕራሲዮን ይፈራል›› አለኝ። ልክ ነው። ጉልበቷ የተበላሸ ጎረቤታችን የእናቴን እግር አይታ ቀጠሮዋን ሰርዛለች፤ ዛሬም በዱላ ናት። እናቴ ራሷ ‹‹ሂጂ፣ ተሠሪ፤ የእኔ ሌላ ነው›› ብትላት አልሰማቻትም። እኔ ግን ጎረቤታችንን ያስፈራት ወሬው ይመስለኛል፤ ከሐኪምም ከጋዜጣም ሰምታው አታውቅም ነበርና ያየችው አንድ እግር መላውን እውነት መሰላት። ቀድሞ ‹‹ብዙው ሰው ይድናል፣ ጥቂቱ ይህ ይገጥመዋል፣ ሲገጥመው ይህን ይህን ይጠይቅ›› የሚል ዜና አንብባ ቢሆን ምናልባት ትወስን ነበር። ምናልባት ነው ያልኩት።

ስለዚህ የእኛን ሙያ በተመለከተ የምለው ቀላል ነገር ነው። ስለ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ዜና ሆስፒታሉን በጠየቀበት ቀን ብቻ አይለቅ። ከስድስት ወር በኋላ ሕመምተኛው ቤት አንድ ጊዜ ይሂድ። ሲሄድም ‹‹ምን ተሰማዎት?›› ብሎ አይጠይቅ፤ መልሱ ‹‹ተመስገን›› ነው፣ እሱንም ጽፎ ይመለሳል። ዶክተሩ እንደጠየቁት፣ ምን መልበስ፣ የት መቀመጥ፣ ስንት ሰዓት መተኛት እንደሚችል ይጠይቅ። መምህራችን ካልተቆጡኝ፣ የዚያን ዜና ሁለተኛ ክፍል ብንሠራው ደስ ይለኛል።

ነርቭ ሲያገግም በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል ይባላል። ባለፈው እሑድ የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ከእናቴ መቀመጫ እስከ እግሯ አናት ለካሁ፤ 86 ሴንቲ ሜትር። 860 ቀን ማለት ነው። ግምት ብቻ ነው፤ እንደ ጉዳቱ ይለያያል፣ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል፤ ይህን ለእሷም ነግሬያታለሁ። እሷ ግን በጣቷ ቆጥራ ‹‹ታዲያ ነሐሴ ነው በይኛ፤ ፍልሰታ ላይ›› አለች። አሁን ከአልጋዋ አጠገብ ደብተር አለ። ማታ ማታ ከአስር ስንት እንደሆነ ትነግረኛለች፣ እጽፈዋለሁ። ትናንት ሰባት ነበር፤ ዛሬ ስድስት። የሚቀጥለው ቀጠሮ ታኅሣሥ 9 ነው፤ ደብተሩን ይዘን እንገባለን።